ጥበቃውን የማስቀመጥ ሥራ

ሥራ ክቡር ነው ይባላል። አይደለም። ክቡር ቢሆን ኖሮ ይህን አባባል አሠርተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ሰዎች ለራሳቸው ያስቀሩት ነበር። እስካሁን ያየኋቸው ጥቅሶች ሁሉ የተሰቀሉት ከሚሽከረከር ወንበር ጀርባ ነው። ክቡሩን ሥራ የሚሠራው ሰው ከዚያ ግድግዳ ብዙ ፎቅ ዝቅ ብሎ በር ላይ ቆሟል፤ ጥቅሱን አይቶትም አያውቅም።

ይህን የምለው ተናድጄ አይደለም። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈልበትን አንድ ሥራ ለማሻሻል የተደረገ ሙከራ ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅርብ ስላየሁ ነው። የተሳተፉት ሁሉ ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ሐሳባቸውም መልካም ነበር። የተጎዳው አንድ ጉልበት ብቻ ነው።

ጉልበቱ የሕንጻችን ጥበቃ የቀኝ ጉልበት ነው። ሕንጻው ልደታ ውስጥ፣ ከሜክሲኮ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ይገኛል። እታች ፎቶ ኮፒ ቤቶችና ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ፤ ከእነሱ በላይ ጠበቆች፤ ከጠበቆቹ በላይ፣ አሳንሰሩ ስለማይደርስ ኪራይ በረከሰበት ፎቅ ላይ፣ እኔ አንዲት ክፍል ይዤ እጽፋለሁ። ፍርድ ቤት ቅርብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በበሩ የሚያልፈው ባለጉዳይ ነው። ፋይሉን በፌስታል የያዘ፣ ከዘራ የያዘ፣ የልጁን ክንድ የያዘ።

ጥበቃው ስድሳን የተጠጉ፣ ከጌጃ ሰፈር በእግራቸው የሚመጡ ሰው ናቸው። የቀጠራቸው ኤጀንሲ ነው፤ የኤጀንሲው ደንብ ደግሞ ጥበቃ በሥራ ሰዓት አይቀመጥም ይላል። ጉልበታቸው ማበጥ ሲጀምር ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር።

«ሐኪሙ ቁጭ በል አለኝ» አሉኝ ሲመለሱ። «የት እንደምቀመጥ ግን አላዘዘልኝም።»

የኤጀንሲው ተቆጣጣሪ በበኩሉ፣ ቀኑን ሙሉ መቆም ካልቻሉ ጉልበት ያለው ሰው አመጣለሁ ብሏቸዋል። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ እግር አዲስ የሚቀጠር ጥበቃ የለም። ከዚህ በር ከተነሱ ሌላ በር የሚሰጣቸው እንደማይኖር እሳቸውም ያውቃሉ፣ ተቆጣጣሪውም ያውቃል። እንግዲህ ጉዳዩ ይኸው ነው። ሰውዬው ሥራቸውን ሳያጡ መቀመጥ አለባቸው።

የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ከበሩ አጠገብ አበባ በቅሎበት የማያውቅ የሲሚንቶ የአበባ መደብ አለ። ሰው ሲሳሳ ጫፉ ላይ ዐረፍ ይሉ ነበር። ክልክል ስለሆነ ማናችንም አናያቸውም። ተደብቆ የተቀመጠን ሰው አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ጨዋነት ነው፤ ስለዚህ ጠበቆቹም፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹም፣ እኔም እዚያ ስንደርስ ስልካችንን እናያለን፣ ወይ ቁልፋችንን እንፈልጋለን። ሕንጻው እንዲህ ሆኖ ሰላም ነበር።

በዚህ መሀል ነው ኢኮኖሚስቷ የመጣችው።

የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት። ተማሪ ሳለን የምግብ አዳራሹ ሰልፍ ለምን እንደማያልቅ በስሌት ልታስረዳኝ ትሞክር ነበር፤ ስታስረዳኝ ምግቡ ያልቃል። አሁን የምታጠናው ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው ሥራዎች እንዴት እንደሚሻሻሉ ነው። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ጭነት። ቢሮዋን ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ስትከራይ፣ ሕንጻው ውስጥ የመጀመሪያዋ የደረጃውን አቀበት ሳታማርር የምትወጣ ሰው ሆነች። ጥበቃውን ባየች በሳምንቱ ሥራቸውን ልታሻሽል ወሰነች።

«ደመወዛቸውን አስጨምሪና ተገላገይ» አልኳት።

«ሞክሬያለሁ።»

«እና?»

«የኤጀንሲው ባለቤት ሻይ ጋበዘኝ። ስለ ደመወዝ ሳነሳ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል።»

«ልጅ አለኝ አልሽው?»

«የለኝም ብዬ እውነቱን ነገርኩት። ጸበል የሚወስደኝ ሰው ሊፈልግልኝ ተነሳ። ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስት ጊዜ ስለ ማህፀኔ ተወያይተን ወጣሁ።»

ስለዚህ ደመወዝ የማይነካ ነገር ትፈልግ ጀመር። ሰው ሥራውን የሚጠላው በደመወዙ ብቻ አይደለም ትላለች። ነገ ተረኛ መሆኑን ዛሬ ካላወቀ ይጠላል። ሽንት ቤት ለመሄድ ካስፈቀደ ይጠላል። ቀኑን ሙሉ ካልተቀመጠ ይጠላል። እነዚህን ማስተካከል ቀጣሪውን ብዙ አያስወጣውም።

«ርካሹን ክብር መረጥሽላቸዋ» አልኳት።

«የሚገኘውን ነው የመረጥኩት። አንተ የማይገኘውን ይዘህ ጽሑፍ ጻፍበት።»

ወጥቼ ጻፍኩበት።

ወንበር ለማስገባት የሕንጻው አስተዳዳሪ መፍቀድ ነበረበት። አስተዳዳሪው ከሁላችንም በዕድሜ የሚያንስ፣ ከሁላችንም በላይ የደከመው ሰው ነው። ስለ ሥራ ክቡርነት የሚናገረው ጥቅስ የተሰቀለው እሱ ቢሮ ነው። ኢኮኖሚስቷ ስታነጋግረው አብሬያት ነበርኩ፤ እሷ እንደ ምስክር፣ እሱ እንደ ሽማግሌ ነበር የቆጠሩኝ።

«ዶክተር፣ ወንበር ካለ የተቀመጠ ሰው አለ ማለት ነው» አላት ከወንበሩ ሳይነሳ። «የተቀመጠ ጥበቃ ካለ ደግሞ ጥበቃ የለም ማለት ነው።»

«አንተ ተቀምጠህ አይደል እንዴ ሕንጻ የምታስተዳድረው?»

«እኔን ሌባ አያየኝም።»

በመጨረሻ እስከ ፋሲካ ድረስ ይሞከር አለ። እስከዚያ በሩ ላይ ግርግር ከተፈጠረ ግን ወንበሩም ይወጣል፣ ኤጀንሲውም አመጣለሁ ያለውን ጉልበተኛ ወጣት ያምጣ ብሎ ይፈርማል። ሰውዬውን ጠልቷቸው አልነበረም። በር ላይ ግርግር ሲኖር የሕንጻው ባለቤት የሚደውለው ለእሱ ነው።

ወንበሩ መጣ። መደገፊያ ያለው፣ የጣውላ፣ ደህና ተደርጎ የተሠራ ወንበር ነው። መደገፊያው ላይ ክብር ስላለው ሥራ የሚናገር ተለጣፊ ነበረበት። ጥበቃው ተቀመጡበት፤ ፎቶ ተነሱ። በኋላ ሳስበው፣ በዚያ ወንበር ላይ ተደላድለው የተቀመጡት ለፎቶው ብቻ ይመስለኛል።

ማግስቱን ጧት ስገባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ብድግ አሉ።

«ኖር።»

«በእግዜር፤ አይነሱ ጋሼ፣ በሞቴ።»

«ኧረ ምን ሲደረግ።»

ተነሱ። እስካልፍ ቆሙልኝ። ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ ከኋላዬ አንዲት ጠበቃ ደረሰች።

«ኖር።»

«አባባ አይነሱ እንጂ፤ በማርያም።»

ከእሷ ኋላ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ልጅ፣ ከእሱ ኋላ ሁለት ባለጉዳዮች መጡ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። የቆመ ሰው ለማንም ሊነሳ አይችልም፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይገላገላል። ሰውዬው በሩ ላይ በቆሙባቸው ዓመታት ለማንም ተነስተው አያውቁም ነበር። ወንበር ሲሰጣቸው፣ ለሚያልፈው ሁሉ የመነሳት ግዴታም አብሮ ተሰጣቸው። ልደታን የሚያክል ሰፈር፣ ፍርድ ቤት የሚያክል ነገር አጠገብ፣ በአንድ ጉልበት።

እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ጥሩ። የሚገባው ሰውም የራሱ ግዴታ አለበት። ሽማግሌ ሲነሳልህ ዝም ብለህ አታልፍም፤ ቆመህ ትከሻውን ይዘህ ቁልቁል ትጫናለህ፣ እሱ ሽቅብ ይገፋል፣ አንተ በእናትህ ታምላለህ፣ እሱ በእናቱ ይምላል። ይህን አንድ ሰው ሲያደርገው ደስ ይላል። ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቀጠሮ ያለው ሁሉ በአንድ በር ሲገባ ሲያደርገው ሰልፉ አስፋልት ይደርሳል። አንዱ ጠበቃ በግራ ትከሻቸው ሲያስቀምጣቸው ሌላው በቀኝ እጃቸው ሊጨብጣቸው ሲያስነሳቸው አይቻለሁ። ፍተሻ ቀረ። ሁለቱም እጃቸው ሁልጊዜ ሰው ዘንድ ነበር።

ከተከራዮቹ አንዳንዶቹ አዘኑላቸው። ላለማስነሳት ብለው በመኪና ማቆሚያው በኩል፣ በጀርባ በር መግባት ጀመሩ። አስተዳዳሪው ደህና ደህና ሰዎች ኮሌታቸውን ሰብስበው በግድግዳ ጥግ ሲሽሎከሎኩ ከመስኮቱ አይቶ፣ ኪራይ የሚሸሹ መስለውት አንዱን አስቆመው።

«ምነው በዚህ በኩል?»

«ለጋሼ ብዬ ነው።»

«ጋሼ ምን አደረጉህ?»

«ምንም። ያከብሩኛል።»

ቀጥሎ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ወንበሩን አገኙት። ከዘራ የያዙ አንዲት እናት ጠበቃቸውን ሊጠብቁ በሩ ላይ ቆም አሉ። ጥበቃው ወንበር ይዘው እናትየዋ ሊቆሙ ነው? የማይሆን ነገር ነው። ወንበሩን ሰጧቸው፤ ለብሰውት የመጡትን ኮት አጥፈው ከሥራቸው ጣል አደረጉላቸው። እሳቸው ሲነሱ ሌላ አዛውንት ተተኩ። ቀስ በቀስ ልደታ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው አዛውንት ሁሉ እዚያ ሕንጻ በር ላይ ጥሩ ወንበርና ጥሩ ሰው እንዳለ ሰማ። ጥበቃው ከወንበሩ አጠገብ ቆመው ይውላሉ። ወንበሩ ባዶ ሆኖ አይውልም ማለት ይቻላል።

ይህን ለኢኮኖሚስቷ ስነግራት ወረደች፣ ቆማ አየች፣ ተመልሳ ወጣች።

«ሁለተኛ ወንበር ያስፈልጋል።»

«ማን ሊቀመጥበት?»

«እሳቸው።»

«ለሁለተኛው ሽማግሌ ይሰጡታል።»

«አንተ ሰው የማይለወጥ ይመስልሃል። ችግርህ ይሄ ነው።»

«ሰው ይለወጣል። ሽማግሌ ቆሞ እያየ ግን አይለወጥም።»

ሁለተኛው ወንበር መጣ። ያን ዕለት በእናታቸው ቤት የሚካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች ቀጠሮ ነበራቸው። ሁለቱም ሰባን ያለፉ ናቸው፤ ሁለቱም ጠበቃቸው እኛ ሕንጻ ላይ ነው። አንዱ በግራኛው፣ አንዱ በቀኝኛው ወንበር ተቀመጡ፤ ጥበቃው መሀል ቆሙ። ወንድማማቾቹ ከዳኛ ፊት ውጪ አይነጋገሩም ነበርና በጥበቃው በኩል መነጋገር ጀመሩ።

«ይህን ሰው ትንሽ ራቅ በል በልልኝ።»

ጥበቃው ወደ ቀኝ ዞሩ። «ራቅ ይበሉ ይላሉ።»

«ከየት ነው የምርቀው? ከዚህም ሊያስወጣኝ ነው?»

ወደ ግራ ዞሩ። «ከዚህም ሊያስወጡኝ ነው ወይ ይላሉ።»

«ከየት አስወጣሁት? ራሱ ነው የወጣው። ሚስቱን ጠይቅ።»

ጥበቃው ይህን አላስተላለፉም። «ሚስት አናነሳም» አሉ። ሰዉ ተሰበሰበ። ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ አንዱ ከነመነጽሩ ወጥቶ አስተያየት ሰጠ። አስተዳዳሪው በደረጃው ወረደ።

«ይሄ ሕንጻ ነው እድር?»

ሁሉም የቀኙን ወንድም መልስ እየጠበቀ ነበር። ጥበቃው ሁለቱን እስከ ምሳ ድረስ አስታረቋቸው ማለት አይቻልም። ቢሆንም በአንድ ነገር ተስማምተው ነው የሄዱት። ሁለቱም ጥበቃውን አድሏዊ ናቸው ብለዋል።

ኢኮኖሚስቷ ከዚህ በኋላ ችግሩ የወንበር ሳይሆን የልምድ መሆኑን አመነች። ለልምድ መድኃኒቱ ሥልጠና ነው፤ ለሥልጠና ደግሞ ሁልጊዜ በጀት ይገኛል። ሜክሲኮ አካባቢ አዳራሽ ተከራየች፤ የኤጀንሲው ጥበቃዎች ተጠሩ። ትምህርቱ ሰው ሲመጣ እንዴት ተቀምጦ መቅረት እንደሚቻል ነበር። እኔ የተጠራሁት ፀጉሬ ስለሸበተ ነው፤ እንግዳ ሆኜ በበሩ እንድገባ።

ገባሁ። አዳራሹ በሙሉ ተነሳ።

«አንነሳም ተባብለን ነበር እኮ» አለች።

«ረስተን ነው ዶክተር» አለ አንዱ።

ወጥቼ እንደገና ገባሁ። በዚህኛው ጊዜ አልተነሱም፤ አልተቀመጡምም። ሁሉም ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ አየር ላይ ቀረ። ለጉልበት ከዚህ የከፋ አኳኋን ያለ አይመስለኝም። እስክቀመጥ ነበር የሚጠብቁኝ። እኔ ደግሞ እንድገባ እንጂ እንድቀመጥ አልተነገረኝም። ለጥቂት ጊዜ እንዲሁ ተያየን።

«ሰውዬው ጨዋ ስለሚመስሉ ነው» አለ አንድ ረጅም ጥበቃ። «ኮስተር ብለው ይግቡ፤ ያን ጊዜ እንቀመጣለን።»

ወጣሁ። በሩን በእግሬ ገፍቼ፣ ሁሉንም ገላምጬ ገባሁ። ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጥነው ተነሱ፤ የኋለኛው ረድፍ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኝ።

«አሁንስ ምን ሆናችሁ?»

«አለቃ መስለውን።»

ለሻይ ዕረፍት ወጣን። ሻዩን ሁሉም ቆሞ ጠጣ፤ ወንበሮቹ ባዷቸውን ተደርድረው ቀሩ። ከሻይ በኋላ ኢኮኖሚስቷ ዘግየት ብላ ስትገባ ክፍሉ ሁሉ ብድግ አለ።

«ተመልከት» አለችኝ።

ምኑን እንደምመለከት አልገባኝም ነበር። እሷ ወደ እግሬ ስታይ ነው እኔም መቆሜን ያወቅሁት።

የእኛው ጥበቃ ከሥልጠናው የምስክር ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ጉልበታቸው ግን ሱሪያቸው እስኪወጠር አብጦ ነበር። በሳምንቱ አንድ ቀን ጧት፣ በሩ ረጭ ባለበት ሰዓት፣ ከጎናቸው ቆሜ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ድሮ ይሻል ነበር እንዴ?»

«ድሮማ እቀመጥ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ወንበር አለኝ።»

ወደ አበባው መደብ ለመመለስም ሞክረው እንደነበር ነገሩኝ። ገና ዐረፍ እንዳሉ አንዱ ጠበቃ አያቸው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ሳያያቸው ያለፈ ሰው ነው። «ምነው ወንበር እያለልዎት ሲሚንቶ ላይ» ብሎ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ወንበሩ መለሳቸው፤ አንዱ ወንበር ላይ አንዲት እናት፣ ሌላው ላይ አንድ አዛውንት ስለነበሩ ጥበቃው አጠገባቸው ቆሙ፤ ጠበቃውም ደስ ብሎት ወጣ።

አስተዳዳሪው ስብሰባ ጠራ። የኤጀንሲው ተቆጣጣሪ ቀደም ብሎ ወጣቱን አምጥቶ በሩን አሳይቶት ሄዷል። ወጣቱ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ለአፍታ ቆሞ አይቷል፤ አቋቋሙን ሁላችንም አይተንበታል። አስተዳዳሪው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ብዕሩን ከፈተ።

«ግርግር አይፈጠርም ተብሎ ነበር» አለ። «ፍተሻ የለም። ሰው በጓሮ ይገባል። በሩ ላይ ችሎት ተከፍቷል። እኔ ምን ላድርግ?»

ኢኮኖሚስቷ ስለ ሥራ ጥራት ተናገረች። ጥሩ ተናገረች። ሰው በሥራው ላይ አካሉ ከተጎዳ፣ ከደመወዙ ላይ የማይታይ ቅናሽ እየተደረገበት ነው ማለት ነው አለች። አስተዳዳሪው ልክ ነሽ አላት፤ ብዕሩን ግን አልከደነውም። እኔ ደመወዝ ስል ሁሉም እንደ ሰከረ ሰው አዩኝ። በመጨረሻ ጥበቃው ተጠየቁ። ስብሰባው ላይ ቆመው ነበር፤ ተቀመጡ ብንላቸውም የቀረው ወንበር ከአስተዳዳሪው ፊት ለፊት ስለነበር እምቢ አሉ።

«ወንበሩን ተዉልኝ» አሉ። «ሰዎቹን አንሱልኝ።»

«የትኞቹን ሰዎች?»

«እናንተን። ሰላም የምትሉኝን። አንድ ሰው ሳያየኝ ካለፈ እኮ አልነሳም። ምን ብዬ እነሳለሁ?»

ኢኮኖሚስቷ ቀና አለች። ስንት ወር ጥበቃውን ስታሠለጥን የከረመችው የማይሠለጥነውን ወገን ነበር፤ መሠልጠን የነበረበት የሚገባው ሰው ነው። እዚያው ላይ ሐሳብ አቀረበች። ከነገ ጀምሮ ማንም ተከራይ በሩ ላይ ሰላም አይልም፤ አያይም፤ «አይነሱ» አይልም።

«ባለጌ እንሁን ነው የምትዪው ዶክተር?» አለ አስተዳዳሪው።

«በሩ ላይ ብቻ።»

አስተዳዳሪው እስከ ፋሲካ ጊዜ አለ፤ ይታይ አለ። ብዕሩን ከደነው፤ ወረቀቱን ግን አልቀደደውም።

ብልግና ቀላል ነው የሚል ካለ አልሞከረውም ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንደ ሌባ አለፍኩ። ከኋላዬ ድምፃቸው ተከተለኝ።

«ወንድሜ፣ ደህና አይደለህም? ምን አስቀየምኩህ?»

ግድግዳውን እንዳየሁ ቆምኩ።

«ለካ» አሉ ቆይተው። «ጎበዝ፤ እለፍ።»

ሌላው የባሰ ነበር። አንዱ ጠበቃ በሩን በዝምታ አልፎ ሦስተኛ ፎቅ ከደረሰ በኋላ አላስችል ብሎት በስልክ «እንዴት አደሩ» አላቸው። እሳቸው ደግሞ የሚያከብሩትን ሰው ስልክ ተቀምጠው አያነሱም። ስልክ ተከለከለ። አንዲት ጠበቃ ማየት ስላላስቻላት ጥቁር መነጽር አድርጋ መግባት ጀመረች፤ ከደረጃው ጋር ተጋጨች። ከሁላችንም የበለጠው አስተዳዳሪው ነበር፤ እሱ ሲያልፍ አንድም ቀን ንቅንቅ ብለው አያውቁም። ልምድ አለው።

ለአዛውንቶቹ አንድ አግዳሚ ወደ ውስጥ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት ለፊት ተደረገላቸው፤ ከበሩ አይታይም፤ ወንድማማቾቹም ሲመጡ እዚያው ናቸው። ሁለተኛውን ወንበር እኔ ወስጄዋለሁ፤ ይህን የምጽፈው እሱ ላይ ሆኜ ነው። ጥበቃውም በመጨረሻ ይቀመጡ ጀመር። በእውነት መቀመጥ፤ ጀርባቸውን ደገፍ፣ እግራቸውን ዘርጋ አድርገው። እብጠቱ መጉደል ጀምሯል። ከአንድ ሕንጻ የማይበልጥ ቦታ ላይ፣ አንድ ሥራ ትንሽ ተሻሽሏል። ኢኮኖሚስቷ ይህን ለገንዘብ ሰጪዎቿ እንዴት እንደምትጽፈው አታውቅም። ሠራተኛውን ለማክበር የተገኘው መንገድ ሰላምታ መንፈግ ነው ብላ ጽፋ አንድ ጊዜ አነበበችልኝ፤ ከዚያ አጠፋችው።

የቀረው ከውጭ የሚመጣው ነው። እኛ ሠልጥነናል፤ ባለጉዳዩ አልሠለጠነም። «እባክዎ ጥበቃውን ሰላም አይበሉ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር። ሰው ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ ጥበቃውን ጠየቃቸው፣ እሳቸውም ለማስረዳት ተነሱ። ማስታወቂያውን አንስተነዋል። አስተዳዳሪው መስኮቱ ላይ ቆሞ ያያል፤ በሩ ላይ ሰው በተጠራቀመ ቁጥር ወደ ጠረጴዛው ዞር ይላል። ፋሲካ ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ የቀሩት እርስዎ ነዎት። ክስ ይኖርብዎታል፣ ክስ ይኖርዎታል፤ አንድ ቀን ልደታ መምጣትዎ አይቀርም። ከሜክሲኮ ወደ ሰንጋ ተራ ሲሄዱ በሩ ላይ ጣውላ ወንበር ላይ የተቀመጡ አዛውንት ጥበቃ ካዩ፣ አላየኋቸውም ይበሉ። እንዴት ዋሉ አይበሏቸው። አይነሱ አይበሏቸው። ቦርሳዎን ከፍተው ዝቅ አድርገው ያሳዩ፣ ፊትዎን ያዙሩ፣ አፍዎን ይዝጉ፣ ይለፉ።